ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን የዓሣ መድኃኒት እንዳትገዙ

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሁኑ እንጅባራ፣ ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ብዙ እንዳልሆንን አውቃለሁ። «ጣና ደጃፍሽ ላይ ተኝቶ የባሕር ዓሣ ምን ያደርግልሻል» እየተባልን ነው የምናሳድገው። ስለዚህ አንዳችን የተታለልንበትን ሌላው ቢሰማ ይጠቅማል።

ባለፈው ወር ከሁለቱ ክላውንፊሾቼ (ትንንሽ የባሕር ዓሦች ናቸው) አንዱ ነጭ ነጥብ ነጥብ አወጣ። ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ጎኑን ድንጋይ ላይ ያሻሻል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ደንግጬ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ ከጠረጴዛው ስር ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ቀን የለው። «አይዞሽ እህቴ፣ በሦስት ቀን ድራሹ ይጠፋል። ውስጡ ያለውን ሌላ ነገር አይነካም» አለኝ። 1,800 ብር ከፈልኩ። «ሁለት ክዳን» ስላለኝ ማታ ሁለት ክዳን ጨመርኩ።

ጠዋት ልጄ ቀድማኝ ተነሥታ «እማዬ፣ ሽሪምፑ በጀርባው ተኝቷል» አለችኝ። ስደርስ እግሮቹ ወደ ላይ ናቸው። አንዷ ብቻ ቀስ እያለች ትንቀሳቀሳለች። ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ረግፈው አሸዋው ላይ ወድቀዋል። እስከ ምሳ ሰዓት አንድም አልተረፈልኝም።

የአክስቴ ልጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ከተረፈው ፈሳሽ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ አሞኒያ ጠብ ጠብ አደረገበት። መጀመሪያ ደፈረሰ። ሲጨምርበት ጠርቶ እንደ ቀለም ብልቃጥ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። «መዳብ ነው» አለኝ።

መዳብ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ነጭ ነጥብ የሚያወጣውን ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በእውነት ይገድላል። ግን የሚሰጠው ዓሣው ብቻውን በተለየ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ አሸዋም ድንጋይም በሌለበት፣ በየቀኑ እየተለካ ነው። ተራው ኮፐር ሰልፌት (የመዳብ ጨው) ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚለካው መዳብ በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መሆን አለበት። ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ ዓሣውን ራሱን ይገድላል። ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል ደግሞ ትንሹም መርዝ ነው። ድንጋይና አሸዋ መዳቡን ስለሚመጥጡት በኋላም ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስም በሌለው ጠርሙስ፣ በክዳን ተለክቶ እንዴት ይሰጣል?

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን «በሦስት ቀን ይጠፋል» ያለው ነው። ምክንያቱም ነጥቡ ምንም ባትሰጡትም ይጠፋል። ተሕዋሱ ዓሣው ቆዳ ላይ ከ3 እስከ 7 ቀን ተቀምጦ ሲጠግብ ራሱ ይረግፋል። አሸዋ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይባዛል። አንዱ ከመቶ በላይ ሆኖ ይፈለፈልና እንደገና ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። መዳብ የሚያገኘው በዚህ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሕክምናው ሳምንታት የሚፈጀው። ስለዚህ ማንም ሰው ቀለም የገባበት ውሃ ቢሸጥላችሁ በሦስተኛው ቀን «ተፈወሰልኝ» ልትሉ ትችላላችሁ። በሽታው በብዛት ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ ጠርሙስ ትገዛላችሁ። የእኔም ክላውንፊሽ በአራተኛው ቀን ጠርቶ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለቱም ነጭ ሆኑ።

ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ስሄድ «ዓሣሽ ድሮም የታመመ ነው» አለኝ። የሸጠልኝ እሱ ነው።

አሁን ሁለቱንም ለብቻቸው በፕላስቲክ ገንዳ አድርጌ፣ ስሙና መጠኑ በተጻፈበት መድኃኒትና በመለኪያ እያከምኩ ነው። የአየር ፓምፑን ሌትና ቀን አላጠፋም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን ከባሕር ጠረፍ ውሃ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። የታመመ ዓሣ ደግሞ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ስለሚጎዳ አየር ያጥረዋል። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ይብስባችኋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ይኑራችሁ። ተሕዋሱ የሚኖርበት ዓሣ አጥቶ እንዲያልቅ ትልቁ አኳሪየም 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል፣ አሸዋውን ጥዬዋለሁ።

ያንን ሰማያዊ ጠርሙስ ገዝታችሁ ካልጨመራችሁት አትጨምሩት። ከጨመራችሁት ዛሬውኑ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ንጹሕ የጨው ውሃ ወዳለበት ዕቃ አውጡ። ጨዉንና ሙቀቱን አስተካክላችሁ ውሃውን በብዛት ቀይሩ፣ ፊልተሩ ውስጥ አዲስ ካርቦን (ውሃ የሚያጠራ ከሰል) ጨምሩ። ጠርሙሱንም አትጣሉት፣ ለማስረጃ ያስፈልጋል። እኔ የእኔን አስቀምጬዋለሁ።