ሎፍቱ የሚቀያየር ድራይቨር ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ኩርባው ጠፋ ማለት ምቱ ተስተካከለ ማለት ነው?

ይህ ግምገማ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ሰብሉ በተነሣለት ማሳ ላይ፣ ለዘጠኝ ወር ስለተመታበት አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ኳስ አርቆ ለመምታት ስለተሠራው ረጅም የጎልፍ ዱላ፣ ነው። መነሻ ሎፍቱ፣ ማለትም ኳሱን የሚመታው ፊት ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ 10.5 ዲግሪ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ማዞሪያ ሎፍቱን እስከ 1.5 ዲግሪ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከሆዱ ሥር ደግሞ ከጫፍ ወደ ተረከዝ (ወደ አንገቱ በኩል) የሚንሸራተት ክብደት አለው። ከዚህ በታች ግራና ቀኝ የሚባለው ሁሉ ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው።

መጀመሪያ ማዞሪያው። የሻፍቱ (የዱላው ዘንግ) መግቢያ ቀዳዳ ትንሽ ጠመም ብሎ የተበሳ ስለሆነ፣ በዞረ ቁጥር ሻፍቱ ከዱላው ራስ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ይቀየራል። ሎፍት ሲጨመር፣ ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ግራ ይዘጋል፤ ሲቀነስ ወደ ቀኝ ይከፈታል። ኳሱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ (ስላይስ ይሉታል) የሚያስቸግረው ሰው ሎፍት ሲጨምር ስላይሱ የሚቀንስለት በዚህ ምክንያት ነው። ግን ብዙ ሰው የተዘጋውን ፊት ሲያይ ዓይኑ አይቀበለውም፤ ሳያውቀው እጁን አዙሮ ፊቱን ቀጥ ያደርገዋል። ያኔ መዝጊያው ባዶ ይሆንና የሚተርፈው የተጨመረው ሎፍት ብቻ ነው። «ማስተካከያው አይሠራም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚስቱት።

ጉድለቱን መሸፈን የሚጀምረው ደግሞ ማስተካከያው ሲሠራ ነው። ኳሱ የሚነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፤ የሚታጠፍበትን ደግሞ ፊቱ ከዱላው የጉዞ መስመር ጋር ያለው ልዩነት። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከሰውነቱ ከራቀው በኩል ወደ ሰውነቱ፣ እየቆረጠ የሚመጣ ሰው ፊቱን በማዞሪያ ሲዘጋ ኩርባው ይጠፋል፣ ኳሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል። የጉዞ መስመሩ ግን እንደነበረ ነው። ከዚያ ተጫዋቹ ግራውን ለመሸሽ ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ የነበረው ጉድለት ሁለት ይሆናል።

ከክብደቱ ብዙ አትጠብቁ። ወደ ተረከዝ ሲገፋ የዱላው ራስ የክብደት ማዕከል የሚንቀሳቀሰው በሚሊ ሜትር ነው። ከማዕከሉ ወደ ጫፍ በኩል የተመታ ኳስ ወደ ግራ የሚያዞር ሽክርክሪት ስለሚያገኝ፣ ማዕከሉ ወደ ተረከዝ ሲጠጋ መሀል ፊት የተመታው ኳስም ትንሽ ወደ ግራ ይመለሳል። በየምቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ የሚመታ ሰው ግን ይህን ለውጥ ጨርሶ አያየውም።

ስለዚህ የማዞሪያውን ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። ማዞሪያውን ወደ መነሻው፣ ክብደቱን ወደ መሀል መልሱ። ጠመኔ አርጥባችሁ ፊቱን በስሱ ቀቡና ይድረቅ፤ አሥር ኳስ ምቱ፤ ኳሱ የነካበት ቦታ ምልክት ይተዋል። ቀጥሎ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከኳሱ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ኳሱንና ዒላማውን ከሚያገናኘው መስመር 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አቁሙ። ዱላው ሲወርድ ጠርሙሱን ከደፋው ከውጭ ወደ ውስጥ እየመጣችሁ ነው፤ ይህንን የትኛውም ብሎን አይፈታውም። ምልክቶቹ አንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ ጠርሙሱም ቆሞ፣ ኳሱ ግን አሁንም ትንሽ ወደ ቀኝ ካለ፣ ያኔ አንድ እርከን ብቻ አዙሩ። ማዞሪያውንም ክብደቱንም ባንዴ የነካ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

የእኛ አገር አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳስቷል። ኳሱ ርቆ ይሄዳል፣ ግን ሽክርክሪቱ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ኩርባውም ይቀንሳል፣ ኳሱን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይልም ይደክማል። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ እዚህ አንድ ዲግሪ ሎፍት መጨመር ምንም አይደብቅም፤ ኳሱ ቶሎ እንዳይወድቅ የሚያደርግ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ለዚህ ዱላ የምንሰጠው ትልቁ ምስጋናም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ደሴ ላይ «ትንሽ ብቻ ይታጠፋል» ያላችሁት ኳስ ቆላ ስትወርዱ በደንብ ይታጠፋል። ስላይሱን አየሩ ራሱ ይሸፍነዋል፤ ማዞሪያ ሲጨመርበት ሽፋኑ ድርብ ይሆናል።

መሬቱም ያሳስታል። በጥር ዋልካው ሲደርቅ ቲው (ኳሱ የሚቀመጥበት ትንሽ ችካል) በደንብ አይገባም፤ ኳሱ ከፍ ብሎ ይቀመጥና የፊቱን ላይኛ ክፍል ይመታል፣ ከፍ ብሎም በትንሽ ሽክርክሪት ይሄዳል። ሰው ይህንን ከማዞሪያው ይቆጥረዋል። በረጅም ሚስማር ቀዳዳውን አስቀድማችሁ ብሱ፤ የኳሱ ግማሽ ከዱላው ራስ አናት በላይ እንዲታይ አድርጋችሁ ቁመቱን ሁልጊዜ እኩል አድርጉት።

ጥገናውን በተመለከተ፦ ብሎኑ ባለ ኮከብ ነው፣ መጠኑም ቲ 25። ከዱላው ጋር የሚመጣው ቁልፍ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፣ ወደ 4.5 ኒውተን ሜትር ገደማ ላይ። ከሱቅ የሚገዛ ተራ ቁልፍ ይህን ስለማይነግር ወይ ኮከቡ ይበላል ወይ ብሎኑ ላልቶ የዱላው ራስ ይንኳኳል። የበጋው አቧራ አንገቱ ውስጥ ይገባል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይት አትቀቡ፣ ብሎኑን ያላላዋል። ማዞሪያው ሲዞር ሻፍቱም አብሮ ስለሚዞር ግሪፑ (የእጅ መያዣው) ላይ ያለው ምልክት ቦታውን ይለቃል፤ እጃችሁን በምልክቱ የምታስቀምጡ ከሆነ አያያዛችሁ ሳታውቁት ይቀየራል። ለዚህ ምልክት የሌለው ክብ ግሪፕ ይሻላል።

ክብደት ከማንቀሳቀስ ውጭ ያለውን ማስተካከያ የጎልፍ ሕግ የፈቀደው ከጥር 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ጨዋታ መሀል ግን አይነካም፤ ቀይሮ በተቀየረው የመታ ከውድድር ይሰረዛል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብሎኑን አውጥታችሁ ኮከቡን እዩ፣ ቁልፉ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። የአንዱ ፋብሪካ አንገት በሌላው ራስ ውስጥ ስለማይገባም ሻፍት ለብቻው ርካሽ ሆኖ ስታገኙ አትቸኩሉ።