ዙር ሰዓት ማስላት ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ ምስጋናና ጥቆማ

የእሽቅድድም መኪና አንድ ዙር በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ የሚያሰላ ፕሮግራም ራሳችሁ መሥራት ካሰባችሁ፣ ብራችሁን ሌላ ቦታ ከማፍሰሳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቀን ላፕቶፕ እየጠገነ ማታ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሚያስተምር አንድ ወንድማችን አለ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው!

የሌላውን ቦታ ስም አልጠራም። ብሩ ቀድሞ ይከፈላል፣ የሚሰጠው ፋይል የተቆለፈ ነው፣ "እዚህ ኩርባ ላይ ለምን ይሄን ያህል ቀነሰ?" ሲባል መልሱ "ሶፍትዌሩ ያለው ነው" ብቻ። ሰዓቱ ግን ከእውነተኛው ጋር ግጥም ይላል። እንዴት ገጠመ? የጎማው ግሪፕ (መንገዱን የመያዝ አቅሙ) 1.7 ላይ ተሰቅሎ! ተራ የመንገድ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ 1.0 አካባቢ ነው።

ወንድማችን የዚያን ቦታ ውጤት ሲያይ ኪቦርድ አልነካም፤ እስክሪብቶ ነው ያነሳው። ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ መረጠ፦ ግሪፑ 1.0 ሲባዛ በመሬት ስበት 9.81 ሲባዛ በራዲየሱ 50፣ ስኩዌር ሩቱ 22.1 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ያንኑ ኩርባ የነሱ ፕሮግራም በ30 ሜትር ራዲየስ ነበር የያዘው፤ በትክክለኛ ግሪፕ 62 ብቻ ይወጣል። "ጎማው ምን አደረገ፣ የተበላሸው የተመዘገበው መንገድ ነው" አለ። እውነቱን ነው። ስልክ በሰከንድ አንዴ ጂፒኤስ ሲመዘግብ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በነጥቦቹ መሀል 28 ሜትር ያልፋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ በሜትሮች ይስታል። ትንሿ ስህተት ኩርባ ሲሰላ ታብጥና የሌለ መታጠፊያ ትሠራለች፤ ያንን ለመሸፈን ነው ግሪፕ የሚሰቀለው። ሌላ ትራክ ላይ ስትወስዱት ሁሉም ይፈርሳል። ስለዚህ ከፍጥነቱ በፊት የኩርባውን ግራፍ አውጡ። ቀጥታው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ የጂፒኤሱ መስመር አልለሰለሰም፤ ከመጠን በላይ ካለሰለሳችሁት ደግሞ ጠባቡ መታጠፊያ ይጠፋል።

የቀረው ቀላል ነው። ትራኩ በየ5 ሜትሩ ይቆረጣል (5.793 ኪሎ ሜትር የሆነው የጣሊያኑ የእሽቅድድም ትራክ ሞንዛ 1,159 ነጥብ ገደማ ይሆናል)። ለየነጥቡ ኩርባው የሚፈቅደው ፍጥነት፣ ከዚያ ወደፊት እየሄዱ በሞተሩ ጉልበት፣ ከዚያ ከመጨረሻው ወደኋላ በፍሬን ይሰላል፤ ከሦስቱ ትንሹ ይያዛል። 5ን ለፍጥነቱ (በሜትር በሰከንድ) እያካፈላችሁ ደምሩ፤ የዙሩ ሰዓት ይወጣል። ሁለት ዙር አስኬዱና ሁለተኛውን ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ከቆመበት ስለሚነሳ ያታልላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኩርባ ውስጥ ሙሉ ፍሬን በመፍቀድ ነው። ጎማው 80 ከመቶ አቅሙን ለመታጠፍ ከተጠቀመ ለፍሬን የሚተርፈው 60 ከመቶ ነው፣ 20 አይደለም፣ 100ም አይደለም (የ80 ስኩዌርና የ60 ስኩዌር ድምር የ100 ስኩዌር ስለሆነ)። ሌላው አየሩ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ኮድ የአየሩን እፍጋት (አንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ኪሎ ግራም እንደሆነ) 1.225 ይላል፤ የባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስላለች 0.95 አካባቢ ነው። አየሩ መኪናውን የሚገታበት ኃይል ይቀንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ቁልቁለትም አስገቡ፤ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ቁልቁለት ፍሬንን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል (መንገዱ ላይ ሞክሩት ማለቴ አይደለም!)።

ደግነቱን ሳልናገር አላልፍም። ያልገባው ሰው ካለ "አብሽር" ብሎ ከሀ ይጀምራል፣ ፊቱ አይጠቁርም። በእጅ የተሰላው ከፕሮግራሙ ጋር እስኪገጥም ብር አይቀበልም። ኮዱን ደግሞ ሙሉውን፣ ሳይቆልፍ በፍላሽ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? ሂዱ፣ ጓደኞቻችሁንም ላኩ!

አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ እልካለሁ። ስትሄዱ የመኪናውን ክብደት ከነሾፌሩና የሞተሩን ጉልበት በየሽክርክሪት ፍጥነቱ (RPM) ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።