ለአዳማው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በአዳማ ከተማ፣ በአሰላ መውጫ በኩል በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለተሰማሩት ባለሙያ እና አብሯቸው ለሚሠራው ወጣት ረዳታቸው በቤተሰባችን ስም ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ስማቸውን ሳላስፈቅዳቸው በአደባባይ መጻፍ ስላልወደድኩ፣ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

መኪናችን ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጭነት ያልተለየች የድሮ ኤች ጄ 75 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት። አብሯት የተሠራው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.0 ሊትር 2ኤች ሞተር አርጅቶ ዘይት መብላት ሲያበዛ፣ በምትኩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 3.0 ሊትር ቱርቦ 1ኬዜድ-ቲኢ ገዝተን አስገጠምን። የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት በጉልበት ብቻ አይደለም። የቀድሞው ሞተር የነዳጅ ፖምፓ ሜካኒካል በመሆኑ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ለሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ ለሚያስነሳው)፣ ለካንዴሌታው (ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ለሚያሞቀው) እና ቁልፍ ሲዘጋ ነዳጁን ለሚያቋርጠው ክፍል እንጂ ከዚያ ብዙም አያልፍም ነበር። በአዲሱ ግን የሚረጨውን ነዳጅ መጠንና ጊዜ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ እርሱም የሞተሩን ዙር፣ የነዳጅ መርገጫውን አቀማመጥ፣ የቱርቦውን ግፊትና የውሃውን ሙቀት ከየሴንሰሩ ካላገኘ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም።

ሞተሩን የገጠመልን ሌላ ጋራዥ የብረት ሥራውን በሚገባ ቢጨርስም ሽቦው ላይ ሲደርስ ተቸገረ። መኪናዋ በግፊ ትነሳለች፣ በቁልፍ ግን ሞተሪኖው እየዞረ አትነሳም። የባትሪ ነው፣ የፖምፓ ነው፣ ነዳጅ አየር ስቦ ነው እየተባለ ለዕቃ ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው ወደ እኚህ ባለሙያ የመጣነው። እርሳቸው አንድም ዕቃ ሳይፈቱ ረዳታቸው ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙ፤ እርሳቸው ደግሞ የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) ጫፍ በኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ይዘው ቁጥሩን እንድመለከት ጠሩኝ። ቁልፉ ክፍት ሲሆን 12 ቮልት ገደማ የነበረው ንባብ፣ ሞተሪኖው በዞረበት ቅጽበት ወደ ዜሮ ወረደ። የኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የተወሰደው ከሬዲዮ መስመር ሲሆን፣ ይህ መስመር ደግሞ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በቁልፉ ውስጥ የሚቋረጥ ነው። በግፊ ስትነሳ ቁልፉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ መስመሩ አይቋረጥም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያስለፋን ይኸው ነበር።

መስመሩን ሞተሪኖው ሲዞርም ወደማይቋረጠው የቁልፍ ጫፍ አዛውረው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) እና የራሱ ፊውዝ አደረጉለት፤ የኮምፒውተሩን ግራውንድም (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) ቀለም ከተቀባ ቦዲ ላይ አንስተው በቀጥታ ከሞተሩ ጋር አሰሩት። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ግን የሙቀት ጌጁን (የውሃውን ሙቀት በዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየውን ጠቋሚ) ጉዳይ ነው። የድሮው ጌጅ ባለ አንድ ሽቦ የራሱን ሴንሰር ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ባለ ሁለት ሽቦ የሆነ ሌላ ሴንሰር አለው፤ ሁለቱን በአንድ ሽቦ ማገናኘት ለሁለቱም የተሳሳተ ንባብ ስለሚሰጥ፣ የድሮውን ሴንሰር ለብቻው ቦታ አበጅተውለት ጌጁ እንደ ቀድሞው በትክክል እንዲያነብ አደረጉ። በአዳማ ሙቀት ጭነት ለሚጭን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራትም በዳሽቦርዱ ላይ ባዶ ከነበረ ቀዳዳ ውስጥ ገጥመውልናል። በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ጫፎች በአጭር ሽቦ ካገናኙ በኋላ ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ እየበራና እየጠፋ የብልሽቱን ቁጥር እንደሚናገር አሳይተውኛል፤ ለምሳሌ 22 ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመርን ማየት ነው። መቼም ደንበኛውን እንዲህ የሚያስተምር ባለሙያ በየቦታው አይገኝም። የየሽቦው ቀለም ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእጃቸው የሳሉትን ወረቀት በላስቲክ ሸፍነው በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈውታል፤ ነገ እርሳቸው ባይኖሩ ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ዋጋቸው ከሌሎች ከፍ ይላል፣ ለመጣደፍም ፈቃደኛ አይደሉም፤ በዛሬ ነገ ለሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋን ጭነን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አሰላ ወጥተን ተመልሰናል፤ ዳገቱ ላይ ጉልበቷ አልቀነሰም፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም አልበራም።

ተመሳሳይ የሞተር ቅያሪ ያሰበ ሰው ወደ እኚህ ባለሙያ ከመሄዱ በፊት፣ ሞተሩን ሲገዛ ኮምፒውተሩንና ሙሉውን የሽቦ ጥቅል ከነሶኬቶቹ አብሮ እንዲቀበል እመክራለሁ። ብዙ ሻጮች ሽቦውን በመቀስ ቆርጠው ሞተሩን ብቻ ስለሚያስረክቡ፣ ባለሙያው ራሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።