ጎፈሩ እስከ ሆዱ የወረደ አንበሳ

ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች አንዱ ገብቼ ከእንጨት የተቀረጸ አንበሳ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ። አንበሳው ግን ግሩም ሥራ ነው፣ ከእሱ ልጀምር።

አንበሳ የምወደው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አባቴ በበዓል ቀን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይወስደኝ ነበር፤ ሲያገሱ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ሲገባ አሁንም ይሰማኛል። ስለዚህ የአንበሳ ቅርጽ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ጎፈሩ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጎፈሩ አንገቱ ላይ ያልቃል። የአንበሳ ግቢዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ግቢው በ1948 እ.ኤ.አ. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ ነው፣ የአንበሶቹም ጎፈር ጠቆር ያለ ሆኖ ከአንገት አልፎ በደረት በኩል እስከ ሆድ ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት ደግሞ 15ቱን መርምሮ፣ ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል።

የገዛሁት አንበሳ ጎፈሩ ሆዱ ድረስ ወርዷል! ቀራጩ እንስሳውን ቆሞ አይቶታል ማለት ነው። ከዋንዛ የተሠራ፣ ክንድ የሚያህል፣ የኋላ እግሩን አጥፎ የተኛ ነው፤ ፀጉሩ በመሮ አንድ በአንድ ወጥቷል፣ ቀለም ያልነካው የእንጨቱ መልክ ብቻ ነው። 3,500 ብር ብለውኝ በ2,800 ተስማማን፤ በቴሌብር ከፈልኩ። ለዚህ ሥራ አይበዛም።

ሻጩ ልጅም ደስ ይላል። መደርደሪያው ላይ «ነብር» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ሁለት ትንንሽ ቅርጾች ነበሩ። ከዓይናቸው እስከ አፋቸው እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር አላቸው፣ ነጠብጣባቸውም ድፍን ነው። አቦ ሸማኔ ናቸው። የነብር ነጠብጣብ መሀሉ ክፍት ነው፣ ክብ ክብ ሆኖ እንደ አበባ ይሰበሰባል። ስነግረው «እህቴ፣ እኔ እኮ ሁሌ ነብር እያልኩ ነው የምሸጠው» ብሎ ወዲያው ወረቀቱን ቀየረው። እንዲህ ዓይነት ሻጭ በየሱቁ ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር።

አንበሳዬን በጋዜጣ እያሸገልኝ ሳለ ነው ባለቤቱ የመጡት። እንስሳ እንደምወድ ሲሰሙ «ነይ ልጄ፣ እውነተኛውን ላሳይሽ» ብለው መሳቢያ ሳቡ። በብር የታሰሩ የነብር ጥፍሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ የታጠፈ የነብር ቆዳ። ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «የድሮ ነው፣ የአያቶች» አሉኝ። ጥፍሮቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ማሰሪያቸውም ገና አዲስ ብር ነው።

መቼም የነብር ቆዳ ለምድ የጀግና ልብስ እንደነበር አውቃለሁ፣ ያንን ታሪክ አከብራለሁ። የአንድ አያት ለምድ በቤተሰብ እጅ መቀመጡ አንድ ነገር ነው። በመሳቢያ ተደርድሮ ለቱሪስት ሲሸጥ ግን ነገ ሌላ ነብር ወጥመድ ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም የተሸጠውን ጥፍር የሚተካ ሌላ ጥፍር ይፈለጋል። የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነብርን ከሁሉ በጠበቀው ዝርዝሩ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ገዝቶ በሻንጣው የሚሄደው እንግዳ አውሮፕላን ጣቢያ ቢያዝ ማንም አያድነውም። አቦ ሸማኔውም እንዲሁ ነው፤ ግልገሎቹ ከምሥራቁ በኩል በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሸጣሉ፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ያልቃሉ። ሆለታ አካባቢ ያለው፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት ማዕከል «እንስሳ ኮቴ»፣ ከሰው እጅ የተረፉ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች ይኖሩበታል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሄደው ቢያዩአቸው ብዬ ተመኘሁ።

ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው፣ በትህትና። አልተቆጡም፤ መሳቢያውን ዘግተው ዝም አሉ። ለእንጨት ሥራው ከ5 አምስት፣ ለሻጩም አምስት እሰጣለሁ፤ ሱቁን ግን ለማንም አልጠቁምም። ለእህቴ ልጅ ሌላ አንበሳ ስለምፈልግ፣ ጥፍሩና ቆዳው ከሱቁ ሲወጣ ደውሉልኝ ብዬ ስልኬን ለልጁ ሰጥቼው ወጣሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ገና አልተደወለም።