ሁለት ሰዓት የሚፈጀው የዓይን ምርመራ፦ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ክሊኒክ እንዴት ነው?

«ተማሪ ዓይኔን አይነካም!» ስለ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ክሊኒክ ሳወራ ከብዙ ሰው መጀመሪያ የምሰማው ይህንን ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ዓይን ቀልድ አይደለም። ግን እኔ ታይቼበት ወጥቻለሁና ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። መነጽርዎ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም ቀይረው ቀይረው ካልተመቸዎት፣ ኦፕቶሜትሪ (የዓይን ምርመራና የመነጽር ልኬት ሙያ) የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ይሂዱ። ጊዜ ይበላል፤ ያንን አልደብቅም። ያ ጊዜ ምን ላይ እንደሚውል ግን ማወቅ ደስ ይላል።

እኔ የመድረክ መብራት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከአዳራሹ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ለሰዓታት ሩቅ ማየት ነው። መነጽሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 6.5 ገደማ ነው፤ ያለ እሱ ሩቅ አይታየኝም ማለት ነው። ትንሽ አስቲግማቲዝምም (ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመታጠፉ የሚመጣ ብዥታ) አለኝ። አዲስ መነጽር ካሠራሁ በኋላ ማታ ማታ ግንባሬን ይወጥረኝ ጀመር። ትርኢቱ ሲጋመስ ደግሞ ሩቅ ያሉት መብራቶች ለአፍታ ሁለት ሆነው ይታዩኛል፤ ከዚያ መልሰው አንድ ይሆናሉ። መነጽሩን ያሠራሁበት ቤት ሄጄ ስናገር «ቁጥሩ ልክ ነው፤ ይለምዱታል» አሉኝ። ቁጥሩ እውነትም ልክ ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችኝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ስሟን ነገረችኝ፤ ተማሪ መሆኗን ነገረችኝ፤ አስተማሪዋ ማን እንደሆኑና መቼ እንደሚገቡም ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጥያቄ ገባች። ጥያቄው ብዙ ነው። ሥራዬን ጠይቃ ዝም አላለችም። «የሚያዩት ነገር ምን ያህል ይርቃል? ሁለት ሆኖ ሲታይዎት ጎን ለጎን ነው ወይስ ከላይና ከታች? አንድ ዓይንዎን ሲሸፍኑ ይጠፋል?»

ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ኋላ ላይ ነው ክብደቷ የገባኝ። አንድ ዓይን ሲሸፈን ሁለትነቱ ከጠፋ፣ ችግሩ ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲሠሩ የሚመጣ ነው። ካልጠፋ ግን እዚያው ዓይኑ ውስጥ፣ ኮርኒያው (ከፊት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) ወይም የዓይን ሌንሱ ላይ ይፈለጋል። የእኔ ይጠፋል። ተማሪዋ ገና መሣሪያ ሳታነሳ ፍለጋዋን በግማሽ ቀነሰች ማለት ነው።

ፊደል ማንበቡ ላይም ልዩነት አለ። ከልጅነታችን የምናውቀው፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ያለው ሰሌዳ ስኔለን የተባለ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ዓይነት ነው። እዚህ የሚጠቀሙት ግን ቤይሊና ለቪ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1976 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ የሠሩትን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ አምስት ፊደል አለ። መስመሩ ሲወርድ መጠኑ በእኩል ደረጃ ይቀንሳል፤ እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ነጥብ አላት። ስለዚህ «ይህን መስመር አነበበ፣ አላነበበም» ተብሎ አይታለፍም። አንድ ፊደል እንኳ ብትጨምር ትመዘገባለች። ዓይን ቀስ በቀስ ሲደክም የሚታወቀውም በዚህ ነው። «ባይታይዎትም ይገምቱ፤ አይፍሩ» እያለች አበረታታችኝ።

ከዚያ መነጽሬን ተቀብላ ሌንሶሜትር ላይ አደረገችው። ይህ የሌንስን ቁጥር የሚያነብ መሣሪያ ነው። ቁጥሩን ጻፈች። እዚያ ላይ አላቆመችም፤ የሁለቱን ሌንሶች ትክክለኛ መሐል በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጋ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካች። ቀጥሎ በእኔ ሁለት ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለካች። የመነጽሩ በ5 ሚሊሜትር ይሰፋል።

5 ሚሊሜትር ምን ያደርጋል? እኔም ይህንኑ ጠየቅኳት። ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ፤ 0.5 ሴንቲሜትር ሲባዛ በ6.5፣ 3.25። የፕሬንቲስ ሕግ ይሉታል። ሌንስ ከመሐሉ ውጭ ሲያዩበት ብርሃንን እንደ ፕሪዝም፣ ማለትም እንደ ሦስት ማዕዘን መስታወት፣ ያጥፋል። ምን ያህል እንደሚያጥፍ ደግሞ ከመሐል የራቁበት ርቀትና የሌንሱ ቁጥር ተባዝተው ይወስኑታል። መነጽሩ ማይነስ 1 ቢሆን ኖሮ ያው ስሕተት ግማሽ ነጥብ ብቻ ይሆን ነበር፤ ልብም አልለው። በእኔ ቁጥር ግን መነጽሩ ሁለት ዓይኖቼን ወደ ውጭ ይጎትታቸዋል። ሩቅ ሳይ ደግሞ ዓይን ወደ ውጭ የሚሄድበት አቅሙ ጠባብ ነው።

ዓይኖቼን በየተራ እየሸፈነች እየገለጠች እንቅስቃሴያቸውንም አየች። ሲሸፈኑ በመጠኑ ወደ ውስጥ የማዘንበል ባሕርይ አላቸው። ስለዚህ ወደ ውጭ መጎተት ለእኔ ከሌላው ሰው የበለጠ ከባድ ነው። ሲደክመኝ ይለቃሉ፤ መብራቱ ሁለት ይሆናል። ለምን ማታ ማታ እንደሚብስብኝ ያኔ ነው የገባኝ። ያለ ምንም ውድ ማሽን፣ በማስመሪያ፣ በሽፋንና በአንዲት ማባዛት።

ቁጥሩን ስትለካ መጀመሪያ የተጠቀመችው ሬቲኖስኮፕን ነው። ክፍሉን አጨለመችና ቀጭን የብርሃን ሰረዝ ዓይኔ ላይ ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሰች። ከብሌኑ ውስጥ የሚመለሰው ብርሃን አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቃረናል፤ ሌንስ እየቀያየረች እንቅስቃሴው እስኪጠፋ ትፈልጋለች። የቆመችበት 67 ሴንቲሜትር ርቀት 1.5 ስለሚጨምር ያንን ትቀንሳለች። ማሽኑም አለ፤ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ቁጥር ያወጣል። «ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ?» አልኳት። መልሷ ጥሩ ነበር። ማሽን ውስጥ አተኩሮ የሚያይ ልጅ ዓይኑን ሳያውቀው ሊያጠብቅና ካለው በላይ ማይነስ ሊያስነብብ ይችላል። መናገር የማይችል ሕፃን ወይም ማሽን ላይ አገጩን ማሳረፍ የማይችል ሰው ሲመጣ ደግሞ ያላት ይህቺ ሰረዝ ብቻ ናት። እጇ እስኪለምድ መደጋገም አለባት። እኔ ላይ መለማመዷ በምንም አልጎዳኝም፤ ጠቀመኝ እንጂ።

አስተማሪዋ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም ያደነቅኩት ይህን ክፍል ነው። ወረቀቱን አይተው «ልክ ነው» ወይም «ተሳስተሻል» አላሉም። «የአስቲግማቲዝሙን አቅጣጫ 170 ዲግሪ ያልሽው ለምንድን ነው? መልሳቸው የተወላወለው የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም እኔ «እኩል ናቸው» ያልኩበትን ቦታ አስታወሰች። ያቺን አንዷን ምርመራ ሁለቱ አብረው ደገሟት፤ 175 ላይ አረፈች። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማንም ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ዓይኔን ሁለት ሰው አየው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ የመጀመሪያዋን «ለምን?» እያሉ የሚጠይቁ ናቸው። ይህንን በችኮላ በሚሠራ መነጽር ቤት አያገኙትም።

የዓይን ግፊቴ በማደንዘዣ ጠብታና በሰማያዊ መብራት ተለካ፤ 16 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። አብዛኛው ጤነኛ ዓይን ከ10 እስከ 21 ባለው ውስጥ ይገኛል። አስተማሪዋ ግን «ይህ ቁጥር ብቻውን ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) የለም አያሰኝም» አሉ። ግፊቱ ልክ ሆኖ የእይታ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለ። ማይነሱ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ለግላኮማም ለሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) መላቀቅም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ብሌን የሚከፍት ጠብታ ተደርጎልኝ ነርቩንም ሬቲናውንም ዳር ድረስ አዩት።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ስለዚህ ጠብታ አንድም ቃል የለም። ጠብታው ለሰዓታት የቅርብ እይታን ያደበዝዛል፤ ብርሃንም አያስችልም። እኔ ከዚያ በቀጥታ ወደ መብራት ሥራ ነው የሄድኩት። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዬን ጽሑፍ ማንበብ አልቻልኩም፤ መድረኩ ዓይኔን ወጋኝ፤ ባልደረባዬ ተተካልኝ። መኪና ነድቶ የመጣ ሰውስ? ይህ ቀድሞ ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። ለክሊኒኩም ጽፌላቸዋለሁ።

ሌላው መጠበቁ ነው። አንድ አስተማሪ ብዙ ተማሪዎችን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ተማሪዋ ጨርሳ፣ እኔም ወንበሩ ላይ፣ ሁለታችንም በር በሩን የምናይበት ጊዜ ነበር። የፍሬም ምርጫው ደግሞ ደካማ ነው፤ ማዘዣዎን ይዘው ሌላ ቦታ ያሠሩ።

ሬቲናዬን ሌሎች ተማሪዎችም እንዲያዩ አስተማሪዋ ፈቃድ ጠየቁኝ። ፈቀድኩ። ብርሃኑ ያደክማል፤ አልፈልግም ማለትም ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም። ምስሌን ለጥናት እንዲጠቀሙም ጠየቁ። በኦሲቲ የተነሳ የሬቲና ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው ይህ መሣሪያ በብርሃን ብቻ የሬቲናን ንብርብሮች በማይክሮሜትር ደረጃ ለይቶ ያሳያል። የፈቃድ ወረቀቱ ግን ለባለሙያ እንጂ ለታካሚ የተጻፈ አይመስልም። ተማሪዋ ናት መስመር በመስመር ያስረዳችኝ፦ ስሜ አይገባም፤ እምቢ ብል ሕክምናዬ አይጓደልም፤ ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ። ፈረምኩ።

ልጄም የእኔን ዓይን እንዳይወርስ እፈራለሁና በዚያው ጠየቅኩ። የዩኒቨርሲቲ ቤት መሆኑ ያኔ ነው የታየኝ፤ የተመለሰልኝ በጥናት ነው። ቻይና ጓንግዦ ውስጥ ለትምህርት ቤት ልጆች በየቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ተጨምሮላቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በሦስት ዓመት ውስጥ ማዮፒያ (ሩቅ አጥርቶ አለማየት) የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው ግን 39.5 በመቶ ናቸው። አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን የውጭ ጊዜ ፍጥነቱን ስለመቀነሱ ማስረጃው ደከም ያለ ነው። ለዚያ አነስተኛ መጠን ያለው አትሮፒን የተባለ የዓይን ጠብታና ልዩ ሌንሶች አሉ፤ በሐኪም ክትትል። ልጄን አሁን ከሰዓት በኋላ ውጭ ነው የማስጫውተው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰው የእይታ ችግር አለበት። ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር መከላከል ይቻል የነበረ ወይም ገና ያልታከመ ነው። መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ዓይን የሚያዩት ዛሬ እጃቸውን እያለማመዱ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። የሚለማመዱበት ሰው ካጡ ከየት ይማራሉ?

አዲሱ መነጽሬ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። መሐሉ ግን በብሌኖቼ ልክ ተቀምጧል። ግንባሬን መወጠሩ ቀርቷል። መብራቶቹም እስከ ትርኢቱ ማብቂያ አንድ ናቸው።

ለማን አይሆንም? ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ዓይኑ በድንገት ለጠፋበት፣ ብልጭታ ወይም መጋረጃ መሰል ጥላ ለመጣበት፣ ቀልቶ ለሚያመው ወይም ኬሚካል ለገባበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ኬሚካል ከሆነ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። የተማሪ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሲሄዱ አሮጌ መነጽሮችዎን ሁሉ፣ ያልተመቸዎትን ጨምሮ፣ ይዘው ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጽፈው ይያዙ። የጠብታውን ነገር ቀድመው ይጠይቁ፤ የሚነዳልዎት ሰው ይኑር። ሲወጡ ደግሞ የብሌኖችዎን ርቀት ማዘዣው ላይ ያስጽፉ። እኔ ካልጠየቅኩ አይጽፉትም ነበር።