ኮአጉቼክ ኤክስኤስ ለከተማ ዳር የቫልቭ ታካሚ፦ መሣሪያው ደህና ነው፣ ጣጣው ያለው ስትሪፑ ላይ ነው

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሰንዳፋ ለአንድ የአይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ምርመራ መሐል ከተማ የሚገባ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ መጠበቅ ይጀምራል። ደሙ የሚቀዳው በሁለት ደቂቃ ነው፤ ቀኑን የሚበላው መንገዱና ወረፋው ነው። ስለዚህ የወሩ ቀጠሮ ወር ተኩል ይሆናል፣ ወር ተኩሉም ሁለት ወር። ዋርፋሪን የተባለውን ፀረ-መርጋት መድኃኒት ለሚወስድ፣ በተለይ የብረት የሚባለው ሜካኒካል የልብ ቫልቭ ለተተካለት ሰው፣ ስትሮክ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በጣት ደም ቤት ውስጥ የሚለካው የሮሽ ኩባንያ ኮአጉቼክ ኤክስኤስ እዚህ ላይ ምን ያህል ይጠቅማል?

መጀመሪያ ስለ አደጋው መጠን። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው ሜካኒካል ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ምንም ፀረ-መርጋት መድኃኒት ካልወሰዱ ከ100 ታካሚዎች 4ቱን ያህል በየዓመቱ ከባድ የደም መርጋት አደጋ ያገኛቸዋል፤ አስፕሪንን በመሰለ መድኃኒት ብቻ ወደ 2.2፣ በዋርፋሪን ደግሞ ወደ 1 ይወርዳል። በማይትራል ቦታ (በግራዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል) ያለ ቫልቭ ከአኦርቲኩ (ደም ከልብ ከሚወጣበት በር) እጥፍ ያህል ያሰጋል፣ ምክንያቱም በአኦርቲክ በኩል ደሙ በኃይል ስለሚወነጨፍ የመርጋት ጊዜ ያንሰዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደግሞ ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ የቫልቩ የጨርቅ ቀለበት ገና በሰውነት ሽፋን አልተሸፈነምና። ቤታቸው ራሳቸውን እየለኩ ዶዛቸውንም እንዲያስተካክሉ የሠለጠኑ ታካሚዎች የመርጋት አደጋቸው በግማሽ ያህል መቀነሱ በጥናቶች ታይቷል። መድማት ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። መለካት ብቻውን፣ ዶዝ ሳይስተካከል፣ ያን ያህል አያመጣም።

መሣሪያው ሞባይል ያህላል። የሚሠራው በ4 ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ስለሆነ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ከ0.8 እስከ 8.0 ያነባል፣ ውጤቱን በ1 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል፣ ከነቀኑና ሰዓቱም ያስቀምጣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ካርዱ ቤት ለቀረበት ሰው ሐኪሙ ፊት ከ«ባለፈው ደህና ነበር» ይሻላል። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 4,300 ሜትር ድረስ እንዲሠራ የተመረተ በመሆኑ እንጦጦም ሆነ ሱሉልታ አያስቸግሩትም።

የሚያስቸግረው ብርድ ነው። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በታች ወይም ከ32 በላይ ከሆነ አልለካም ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሰንዳፋ ወይም በለገጣፎ ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ ማግኘት ዘበት ነው፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚያስቀምጠውም በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በአይኤንአር ላይ የሚያመጣው ለውጥ የሚታየው በቀናት እንጂ በሰዓታት ስላልሆነ ማለዳ መለካት ግዴታ አይደለም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀው በኋላ፣ መሣሪያውን ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው አቆይቶ መለካት ይበቃል።

ስትሪፑ (ደሙን የሚቀበለው የአንድ ጊዜ መለኪያ ቁራጭ) ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚቀመጥ ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ቀትር ላይ የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሳጥንና ፀሐይ የመታው የመኪና ዳሽቦርድ ግን አይሆኑትም። ከዕቃው ከወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መጠቀም አለበት፣ እርጥበት ይገድለዋልና። በተናጠል በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ስትሪፕ አይግዙ። እያንዳንዱ የስትሪፕ ዕቃ የራሱ የኮድ ቺፕ አለው፤ ቺፑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ መሣሪያው አይለካም። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ ሲያስመጡ «ስትሪፕ ብቻ» ሳይሆን ከነቺፑ፣ ማብቂያ ቀኑ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ብለው ይዘዙ። ባለ 24ቱን በየ2 ሳምንቱ ከተጠቀሙ 48 ሳምንት ይሄዳል፤ ጀማሪ ሦስት አራቱን ማበላሸቱ ስለማይቀር ግን 10 ወር ብለው ይያዙት። መሣሪያው አንዴ ይገዛል፣ ስትሪፕ ሁልጊዜ ነው። የስትሪፑ ምንጭ ሳይረጋገጥ መሣሪያውን መግዛት ጀበና ገዝቶ ቡና ማጣት ነው። መውጊያውን መጋራት በፍጹም አይሆንም፣ መርፌው በየጊዜው አዲስ ይሁን።

ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጣቱ ነው። እጅ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ የቀረ ውሃ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ያልደረቀ አልኮልም ውጤት ያዛባል። ክንድን ወደ ታች አንጠልጥሎ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ ማሸት፣ ከዚያ ስትሪፑን ማስገባት፣ መሣሪያው ሞቆ የደም ምልክቱ ሲበራ ብቻ ከጣቱ ጫፍ ጎን በኩል መውጋት። 8 ማይክሮ ሊትር ያስፈልጋል፦ ከጤፍ ፍሬ በጣም የሚበልጥ፣ ከምስር የሚያንስ ጠብታ። የመጀመሪያው ጠብታ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስትሪፑን መንካት አለበት፣ ምክንያቱም ደሙ ጣቱ ላይ ሳለ መርጋት ይጀምራል። ጣትን አጥብቆ መጭመቅ የሥጋ ፈሳሽ ይቀላቅላል። አነሰ ብሎ ሁለተኛ ጠብታ መጨመር ስትሪፑን ማባከን ነው፤ በሌላ ጣት በአዲስ ስትሪፕ ይጀመራል።

ታዲያ ቁጥሩን ማመን እስከ ምን ድረስ ነው? ከ2 እስከ 3.5 ባለው ክልል ከላብራቶሪ ጋር በ0.5 ቢለያይ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ልዩነቱም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጥር እስከ ጥቅምት የተሠራጩ ስትሪፖች ከ4.5 በላይ ሲደርሱ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው በማንበባቸው በአሜሪካ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ስለዚህ ከ4.5 በላይ ሲያሳይ በደም ሥር ደም ማረጋገጥና የማታውን ዋርፋሪን ከመዋጥ በፊት ለሐኪም መደወል ያስፈልጋል። የደም ማነስ የጠናበት፣ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከ25 በመቶ በታች የሆነ፣ ወይም ከ55 በላይ የወጣ ሰው በዚህ መሣሪያ አይለካ፤ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ደምን እንዲረጋ የሚያደርግበት ችግር ያለበትም እንዲሁ።

በዚህ መሣሪያ የሚያላግጡ ሰዎች ላብራቶሪውን ጨርሶ እንከን የለሽ ያደርጉታል። አይደለም። ባለ ሰማያዊ ቆርኪው ቱቦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ይዞ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይጠብቃል፤ ደሙ እስከ መስመሩ ካልሞላ አይኤንአሩ በሐሰት ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም በዚያ ተመርኩዞ ዶዝ ይቀንሳል፣ ስትሮክ የሚመጣውም እንዲህ ነው። ቱቦውን ራስዎ ይዩት። ውጤቱ «ፒቲ 28 ሰከንድ» (ደሙ ለመርጋት የፈጀበት ጊዜ) ብቻ ብሎ ከመጣ አይኤንአሩን ይጠይቁ፤ ሰከንዱ እንደ ላብራቶሪው ኬሚካል ስለሚለያይ ከሌላ ቦታ ውጤት ጋር አይወዳደርም። ቢያንስ በየ6 ወሩ፣ በአንድ ቀን፣ በሰዓታት ልዩነት፣ ጣትንም ክንድንም አስለክቶ ማመሳከር ጥሩ ነው።

የሚፈለገው ቁጥር እንደ ቫልቩ ነው። ሌላ አደጋ የሌለበት ባለ ሁለት ክንፍ አኦርቲክ ሜካኒካል ቫልቭ 2.0–3.0፤ የልብ ምት መዛባት፣ ቀድሞ የደረሰ ስትሮክ ወይም የደከመ ልብ ካለ፣ እንዲሁም ማይትራል ከሆነ 2.5–3.5። ኦን-ኤክስ የሚባለው አኦርቲክ ቫልቭ ከ3 ወር በኋላ ከአነስተኛ አስፕሪን ጋር 1.5–2.0 ሊፈቀድለት ይችላል፣ ሐኪሙ ካዘዘ ብቻ። የቫልቩን ስም፣ ቦታውንና የተተከለበትን ዓመት ካርድ ላይ ጽፎ ከመሣሪያው ሣጥን ጋር ማስቀመጥ ነው።

ሐኪሙ ዶዝ ሲቀይር የሚያየው የሳምንቱን ድምር ነው። በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው የሳምንት ድምሩ 35 ነው፤ አንዱን ቀን ግማሽ ማድረግ 32.5 ያደርገዋል፣ 7 በመቶ ያህል መቀነስ። አብዛኛው ማስተካከያ ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው። በነጋታው ለክቶ «አልወረደም» ብሎ እንደገና መቁረጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ይጠበቅ። የተረሳ ክኒን እዚያው ቀን ከታወሰ ይዋጣል፣ በማግስቱ ግን አይደረብም። ከውጭ በሚመጣ ክኒን ደግሞ በቀለም አይታመንም፦ በአሜሪካ ሮዙ 1 ሚሊግራም ነው፣ በእንግሊዝ ሮዙ 5።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ጎመን ከበዛ ቫይታሚን ኬ ይበዛና አይኤንአሩ ይወርዳል፤ በፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና ጠላ ሲገባ ይወጣል። ጎመን መተው አይደለም መፍትሔው፤ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት ማቀራረብና ጾሙ በገባ በ10 ቀኑ፣ ከተፈታም በ10 ቀኑ መለካት ነው። የኢንፌክሽን መድኃኒቶቹ ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፍሉኮናዞል ሲታዘዙ በ3ኛ እስከ 5ኛው ቀን ይለካ፣ ከፍ ያደርጉታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በጣም ያወርደዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቁጥሩን ሳይነኩም ጨጓራን ያደማሉ። የወር አበባ የቀረባት ሴት በዚያው ሳምንት ሐኪሟን ታማክር፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ይጎዳል።

ይህን መሣሪያ የማያስፈልገው ሰውም አለ። የአኦርቲክ ቫልቩ የጠበበ ግን ያልተቀየረለት፣ የልብ ምት መዛባትም የሌለበት ሰው በዚያ ብቻ ዋርፋሪን አይወስድም። ከእንስሳ ሥጋ የተሠራ ቫልቭ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ወስዶ ያቆማል። «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት አለ» የሚባለውም ለሜካኒካል ቫልቭ አይሠራም፦ የዳቢጋትራን ሙከራ መርጋትም መድማትም በማብዛቱ ተቋርጧል፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ አፒክሳባን በኦን-ኤክስ ቫልቭ ላይ ተሞክሮ በ2022 እንዲሁ ቆሟል።

አንድ ነገር መሣሪያው አይሰማም፦ የቫልቩን ድምፅ። ሌሊት እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ድምፅ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ትንፋሽም ካጠረ፣ አይኤንአሩ 2.5 ቢልም እንኳ ሆስፒታል መሄድ ነው። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ለመለካት ተብሎ ቤት አይቆይም፤ መሣሪያው ይያዝና መኪና ውስጥ ይለካል፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓትም ይጻፋል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሰጥ ነው፣ አይኤንአሩ ከ1.7 በላይ ከሆነ ግን አይሰጥም። ሲቲ ስካን ሳይነሣ አስፕሪን አይስጡ፤ ስትሮኩ ደም የፈሰሰበት ይሁን የደም ሥር የተዘጋበት አይታወቅምና።