ፕሪኤምፕት አርቲ፣ ዜኖማይ ወይስ አርቲኤአይ? የሪል ታይም ሊኑክስ አማራጮች በግንባታ ድካማቸው ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሆኖ የሲኤንሲ ማሽን ወይም የሮቦት ክንድ በሊኑክስ ለማሠራት ያሰበ ሰው፣ የሪል ታይም ሊኑክስ (በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ለመስጠት የተዘጋጀ ሊኑክስ) አማራጮችን ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው በማይክሮ ሰከንድ በሚለካው መዘግየታቸው ነው። ሥራ የሚያስፈታው ግን ግንባታው ስለሆነ፣ እዚህ የሚነጻጸሩት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ተዘጋጅቶ እስኪነሣ፣ ኋላም እስኪታደስ ድረስ በሚጠይቁት ድካም ነው።

ፕሪኤምፕት አርቲ ለሃያ ዓመት ያህል ከዋናው ከርነል ውጭ በፓች (በከርነሉ ኮድ ላይ በሚታከል ማሻሻያ) መልክ ሲዘጋጅ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በወጣው 6.12 ከርነል ውስጥ ለኤክስ86፣ ለአርም64 እና ለሪስክ ፋይቭ ተካቷል። ስለዚህ ከዚህ ስሪት ጀምሮ ፓች መፈለግ ቀርቷል፤ በማዋቀሪያው ሜኑ ውስጥ ምርጫውን ማብራት ብቻ ይበቃል። ምርጫው አልታይ ካለ አስቀድሞ «ኤክስፐርት» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። የዴቢያን ተጠቃሚ ደግሞ ይህንንም አያስፈልገውም፤ የአርቲ ከርነሉን እንደማንኛውም ፓኬጅ በአፕት፣ በዴቢያን የፕሮግራም መጫኛ፣ ይጭነዋል፣ ዝማኔውም በዚያው መንገድ ይደርሰዋል።

የግድ ራሱ ከርነሉን ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል የሚያደርግ (የሚገነባ) ሰው «ሎካልሞድኮንፊግ» በተባለው ትእዛዝ በማሽኑ ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ቢያስቀር ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። ሆኖም ትእዛዙን በሚሰጥበት ሰዓት የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመዱ፣ ተሰክተው መገኘት አለባቸው፤ አለዚያ ድራይቨራቸው ከግንባታው ይወጣል። የዲበግ መረጃውን ማጥፋት ብዙ የዲስክ ቦታ ያተርፋል። ከዴቢያን ወይም ከኡቡንቱ የተቀዳ ኮንፊግ (የከርነል ማዋቀሪያ ፋይል) የምስክር ወረቀት ፋይል አጣሁ ብሎ ከቆመ፣ የታመኑ ቁልፎችን ቦታ፣ በኡቡንቱ ደግሞ የተሻሩ ቁልፎችንም ቦታ፣ ባዶ ማድረግ ይበቃል። ውጤቱን በዴብ ፓኬጅ (በዴቢያንና በኡቡንቱ የመጫኛ ፋይል) ማውጣት የሚመረጠው፣ አንዱ ጠንካራ ኮምፒውተር የገነባውን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ የላቦራቶሪ ማሽኖች ለመውሰድ ስለሚያስችል ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበትና የኢንተርኔት ፓኬጅ በሚቆጠብበት አካባቢ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ኡቡንቱ ፕሮ የተዘጋጀ የሪል ታይም ከርነል ይሰጣል። ለግል አገልግሎት እስከ 5 ማሽን ነጻ ሲሆን፣ ለድርጅት ግን የደንበኝነት ክፍያ አለው።

ዜኖማይ 3 ከኮባልት ጋር የተለየ መንገድ ይከተላል፤ ከሊኑክስ ጎን ኮባልት የተባለ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ኮር (የፕሮሰሰር ኮር ሳይሆን የሪል ታይም ሥራውን የሚመራ ትንሽ ከርነል) ያስቀምጣል። በመሆኑም ከርነሉ፣ ዶቭቴይል የተባለው ፓች እና የዜኖማይ ሶርስ ኮድ የሚስማሙ ስሪቶች መሆን አለባቸው። የሚያዋህዳቸው ስክሪፕት ሥራውን ቢያቀልም፣ ከዚያ በኋላ ከርነሉን፣ ቀጥሎ ላይብረሪዎቹን፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙን ከእነሱ ጋር አገናኝቶ መገንባት ይቀራል። ለደኅንነት ተብሎ ከርነሉ ሲታደስም የሚስማማው ዶቭቴይል ተፈልጎ ያው ሥራ ይደገማል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ድራይቨር ነው፦ የሪል ታይም ክሩ (የፕሮግራሙ የሥራ ሂደት፣ ትሬድ) ተራ የሊኑክስ ድራይቨር ሲጠራ ከኮባልት ወጥቶ በሊኑክስ ሥር ስለሚወድቅ፣ ለመሣሪያው የተለየ ድራይቨር ከሌለ የተደከመበት ጥቅም ይጠፋል። የዜኖማይን የፕሮግራም አጻጻፍ (ኤፒአይ) ብቻ የፈለገ ሰው ሜርኩሪ የተባለውን፣ ያለ ሁለተኛ ኮር የሚሠራውን ቅርጽ መውሰድ ይችላል።

በሚላኖ ፖሊቴክኒክ የተጀመረው አርቲኤአይም የተለየ ፓች የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በእሱ ላይ የቆመ ፕሮግራም ለሌለው አዲስ ጀማሪ አይመከርም።

በእኔ ግምት ለአብዛኛው ወርክሾፕና ለተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት የዴቢያኑ ዝግጁ ፓኬጅ ይበቃል። ወደ ዜኖማይ መሻገር የሚገባው፣ ማሽኑ በሥራ ተጨናንቆ ሳለ ሳይክሊክቴስት በተባለው የመዘግየት መለኪያ ፕሮግራም ለሰዓታት ተለክቶ፣ አማካዩ ሳይሆን ከፍተኛው መዘግየት ሥራው ከሚፈቅደው ሲያልፍ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን፣ በተለይ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው፣ ፕሮሰሰሩን የሚያስተኛውን የኃይል ቁጠባ ከባዮስ አጥፍቶ በድጋሚ ይለካ፤ ብዙ ጊዜ መዘግየቱን የሚያመጣው ይኸው ቁጠባ እንጂ ከርነሉ አይደለም።